አረንጓዴ ክዳን

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠዋት ሦስት ጎማ ለጠፍኩ። ሁለቱ ሚስማር፣ አንዱ የጠርሙስ ስባሪ። ከሰዓት ታናሽ ወንድሜ ማሽን አስጭኖ መጣ። ጎማ በናይትሮጅን የሚሞላ ማሽን! ሳይነግረኝ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ጎሚስታ ቤቱ የሁለታችን ነው። አንድ መፍቻ እንኳ ሳንመካከር ገዝተን አናውቅም።

"ብነግርህ እምቢ ትላለህ ብዬ ነው፣ ወንድም ጋሼ።"

እንዴታ! እምቢ ነዋ የምለው። ሃያ ስድስት ዓመት ንፋስ የሞላሁበትን ኮምፕሬሰር ጥግ አስይዞ ማሽኑን በሩ ላይ ገተረው። ደሜ ፈልቷል። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያው ስብከት። "ናይትሮጅን አይቀንስም፣ አይሞቅም፣ ጎማ አያስረጅም..." መኪና ስር ተኝቼ ስሰማ ቆየሁ። አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

"ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው ምን መሰለህ? ከመቶው ሰባ ስምንቱ ያው ናይትሮጅን አይደለም እንዴ?" አልኩት፣ ደንበኛው ፊት። ደንበኛው ሳቀ። ታናሼ ፊቱ ተለዋወጠ።

እውነት ለመናገር ጨርሶ ጥቅም የለውም አልልም። ደረቅ ነው፣ እርጥበት የለውም፣ የሚቀንሰውም ትንሽ ቀስ ብሎ ነው። ለአውሮፕላን ይሁን። ለእሽቅድምድም መኪና ይሁን። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ ለምትመለስ መኪና ግን በወር አንዴ መለካት ይበልጣል። እኔን የሚያሳብደኝ ይሄው ነው። "አይቀንስም" ሲሏቸው መለካቱን እርግፍ አድርገው ይተዉታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጉድ። ናይትሮጅን በሞላው ጎማ የንፋስ መሙያ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ክዳን ያስራል። ምልክት መሆኑ ነው። "አረንጓዴ ያለበት ላይ ተራ ንፋስ እንዳታስጨምሩ፣ ይበላሻል" ይላቸዋል። ይበላሻል?! ወተት ነው እንዴ?

ተጣላን። ሰፈር እስኪሰማ።

"አንተ አዲስ ነገር ስታይ ያምሃል!" አለኝ።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አረንጓዴ ክዳን አልነካም። የሞላኸውን ራስህ ጨርስ!" አልኩት። በአባታችን ስም ማልኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው...

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም። መፍቻ እንኳ የተቀባበልነው በአገጭ እየጠቆምን ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አዋላጇ መጣች። ጤና ጣቢያ የምትሠራው፣ የታናሼን ሁለቱንም ልጆች ያዋለደችው። የትንሿ ነጭ መኪናዋ የኋላ ቀኝ ጎማ ቁጭ ብሏል። አራቱም ጎማ አረንጓዴ ክዳን።

"ጋሼ፣ ይሄ የቀነሰብኝ መሰለኝ።"

"መሰለኝ የለውም፣ ሲስተር። ቀንሷል።"

"ወንድምህ የለም?"

ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፣ የሚመጣው ከሰዓት ነው አልኳት።

"አንተ አትሞላልኝም ታዲያ?"

"የናይትሮጅኑን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ አልነካም።"

"ተራውን ብትጨምርልኝስ... ለነገሩ ይበላሻል ብሎኛል።"

ዝም አልኳት።

ሰዓቷን አየች። ገጠር አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባታል፣ ስልኩ ደጋግሞ እየጠራ ነው። "በቃ ስመለስ" ብላ ሄደች። ታናሼ ሲመጣ አልነገርኩትም። ይበለው። ደንበኞቹ ሲያማርሩ ራሱ ይስማቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አዋላጇ ከነመኪናዋ ተገልብጣለች። ቅዳሜውኑ። ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ የኋላ ቀኙ ፈንድቶ። ቦይ ውስጥ ነው ያገኟት። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ምጥ የያዛት ሴት በጎረቤቶቿ እጅ ወልዳለች፣ ሁለቱም ተርፈዋል አሉ።

የነገረኝ ዳቦ ጋጋሪው ነው። ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

የፈነዳውን ጎማ ታናሼ ጋ አመጡት። ጎኑ ዙሪያውን ተተልትሏል፣ ውስጡ ተፈርፍሮ ጥቁር ዱቄት ሆኗል። ንፋሱ ጎድሎ የተነዳ ጎማ እንዲህ ነው የሚሆነው። ታናሼ ታቅፎት ቀረ።

"ተራ ንፋስ አታስጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ያቺን የመሰለች ሴት እኔ ነኝ የሰበርኳት።"

እዚያው መናገር ነበረብኝ። "እኔ ጋ መጥታ ነበር" ማለት። ምን ይከብዳል?

"አይዞህ" አልኩት። አይዞህ! ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አርብ፣ ኅዳር 20

ማሽኑን ሸራ አልብሶታል። እህል አይቀምስም። ሊጠይቃት ይሄድና ከበሯ ይመለሳል። ሚስቱ ደወለች፦ "ወንድም ጋሼ፣ እባክህ አናግረው፣ ካንተ ሌላ ማንንም አይሰማም።" እሺ አልኳት። ምን ብዬ ነው የማናግረው?

ሰዉ ደግሞ ያመሰግነኛል። ዛሬ ብቻ አራት ሰው። "አንተስ ገና ድሮ ብለህ ነበር!" ጥርሴን ነክሼ ሰማኋቸው። ናይትሮጅን ምን አደረገ? የፈነዳው ንፋስ የጎደለው ጎማ ነው! ኮምፕሬሰሩ እግሬ ሥር ነበር። የሁለት ደቂቃ ሥራ። ቢቀላቀል ምንም እንደማይሆን ታናሼ አያውቅም፣ እሷም አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ። ያንኑ ስጮህ የከረምኩት እኔ!

እልህ ነው። ሌላ ስም የለውም። ራሴን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ቤቷ ሄድኩ። እጇ እስከ ክርኗ በጄሶ ታስሯል። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

"ጋሼ! ወንድምህ በር ድረስ እየመጣ ይመለሳል አሉኝ። ምን አድርጎ ነው? ጥፋቱ የኔ ነው በለው። መቀነሱን እያየሁ መንዳት አልነበረብኝም።"

ነገርኳት። ሁሉንም። መሐላዬን ጭምር።

"ቆይ... መሙላት ትችል ነበር?"

"እችል ነበር።"

"አይበላሽም ነበር?"

"ምንም አይሆንም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ።"

ከጄሶው የወጡትን ጣቶቿን ልታጥፍ ሞከረች። ሁለቱ አልተንቀሳቀሱም።

"እኔ ከዶክተሩ ጋር ስንቴ ተጣልቻለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ምጥ የያዛትን ሴት ግን 'እሱ እስኪመጣ አልነካሽም' ብዬ አላውቅም። አንድም ቀን።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

"ይሂዱልኝ።"

አንቱ አለችኝ። ጋሼ ስትለኝ የኖረች ልጅ። ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በእግሬ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ጠዋት ቤቱን ሳንከፍት ነገርኩት። ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ።

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ" አለ። "ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደዚያ ስሆን እያየኸኝ?"

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ እሷ ቤት አቅጣጫ ሄደ። ዛሬስ ከበሯ አይመለስም። ሲመሽ ጎሚስታ ቤቱን የዘጋሁት ብቻዬን ነው። ነገ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ ለመጠየቅም አፍ የለኝም።

ረፋዱ ላይ አንድ ባለታክሲ መጥቶ ነበር። የፊት ግራ ጎማው ጎድሏል፣ አረንጓዴ ክዳን።

"ወንድምህ ከሌለ ልመለስ?"

"አትመለስም።" ክዳኑን ፈታሁና ከኮምፕሬሰሩ ሞላሁለት።

"እንዴ! አይበላሽም እንዴ? ወንድምህ እኮ..."

"እሱ ሳያውቅ ነው የተናገረው። እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

ሰውየው አልገባውም። አመስግኖኝ ሄደ።