ዐይኑ «ዐ» የጣላት እጩ

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 2004 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የመረዳጃ ማኅበራችን አስመራጭ ኮሚቴ አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ፤ መጪው ብርድ እናንተን በሞቀው ቢሮአችሁ፣ እኛንም በያለንበት በደኅና ያክርመን። ሊቀመንበራችንን አቶ ሥዩም ገብረክርስቶስን ለማውረድ በተጠራው ምርጫ፣ በምትካቸው ነርስ አዲስአለምን ለመጠቆም ያሰባሰብነውን ፊርማ በጥንቃቄ መርምራችሁ ውድቅ ስላደረጋችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቶ ሥዩም የአረጋውያኑን ክፍል የራሳቸው ቢሮ ካደረጉት ወዲህ፣ እዚያ ዳማ ይጫወቱ የነበሩት ሽማግሌዎች ሴንት ጄምስ ታውን ፎቅ ላይ በየመስኮታቸው ተቀምጠው ቀርተዋል። አዲስአለም ቃል የገባችው ያንን በር ለመክፈት ብቻ ነበር።

1. የእጩዋ ስም በመዝገባችሁ በዐይኑ «ዐ» ተጽፎ ሳለ እኛ በአልፋው «አ» በመጻፋችን፣ የጠቆምነው ሌላ ሰው መሆኑን ስላስረዳችሁን እናመሰግናለን። ያችን ሌላ ሴት ሐበሻ የሚበዛበትን የዳንፎርዝ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ፈልገን አጣናት።

2. ስማቸውን በሃሌታው «ሀ» የጻፉ ኃይሉዎች በሙሉ ከብዙኃኑ «ኀ» ስለራቁ ተሰርዘዋል። ሦስቱንም «ሀ» በአንድ «ኤች» ጠቅልሎ ዜግነት የሰጠን አገር ምን ያህል ግዴለሽ እንደሆነ ገና አሁን ገባን።

3. ይህኛው ግን ያመኛል። የአባቴ የአቶ ዘመድኩን ፊርማ ማኅበሩ ሲመሠረት ከፈረሙት ጋር አይመሳሰልም ብላችኋል። እውነት ነው፤ ያኔ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር። ውሳኔያችሁን ሳነብላቸው፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ፊደል ልቆጥር ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ኮታቸውን ለብሰው ከቤት ወጥተው አያውቁም። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ግን ሐዘኔ ይብሳል።

ይግባኝ ማለት እንደምንችል በትሕትና ጽፋችሁልናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፣ ይግባኙን የሚያዩት አቶ ሥዩም ራሳቸው መሆናቸውን ያገኘነው ከግርጌ በደቃቁ ተጽፎ ነው። ስማቸውስ ሥዩም አይደል፤ የተሾመን ማን ይሽራል? ሌላ ፊርማ አንሰበስብም፤ ሰው ታክቶታል። ምርጫው ያለ ተወዳዳሪ ይካሄዳል፤ ክፍሉም እንደተዘጋ ይከርማል፤ አባቴም እመስኮታቸው ሥር።

ወላጆቻችን ካወጡልን በላይ ለስማችን ለተጨነቃችሁልን ለእናንተ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ሰገነት ዘመድኩን
(በየትኛውም «ሰ» ብትጠሩኝ አቤት የምል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በውሳኔ ደብዳቤያችሁ አናት ላይ የሊቀመንበሩ ስም በንጉሡ «ሠ»፣ ከታች በማኅተሙ ላይ ደግሞ በእሳቱ «ሰ» ተጽፏል። እንግዲህ በራሳችሁ ሕግ የሚመሩን ሁለት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። እኛ እኮ አንዱን ማውረድ አቅቶን ነው የከረምነው።