ነይ፣ እጅሽን አምጪ

ለሁለት ነፍሷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽ አብጧል ወይ? ምግብስ ትበያለሽ ወይስ በሻይ ብቻ ነው የምትውይው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ጎረቤቴ ግን ከጉልበቴ ትብሳለች። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ፊደሌ ከወፈረብሽ በአናጺ እርሳስ ስለጻፍኩት ነው፤ አባትሽም ያስተማረኝ በዚሁ ነበር፣ በተላገ ጣውላ ላይ፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ።

ደብዳቤሽን ማንንም ሳልለምን ራሴ አነበብኩት። አባቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል፣ የአናጺነት መሣሪያውን ሽጪና እኔ ዘንድ ኑሪ ብለሻል። ባሌም ጨው የት ነው እያለ ሥራ ቦታዬ ድረስ እየደወለ አሰልችቶኛል፣ ጨውማ አፍንጫው ሥር ነው ብለሻል።

እውነቱን ለመናገር ልሸጠው ቆርጬ ነበር። ያ ሥራ ቤት ዕድሜዬን በልቶታል። አባትሽ አሥር አለቃ ሆኖ ዘምቶ የአንድ እጁን አውራ ጣት እዚያው ጥሎ መጣ። የት ሄደ ሲሉት፣ ዘብ አቁሜው ነው ይላል። መንደሩ ዘጠኝ አለቃ ሲለው ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር። በደህናው እጁ እርሳስ ይይዛል፣ በሌላው ስንዝር የለውም። ስለዚህ የዚህ መንደር በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን ሁሉ የተለካው በእኔ እጅ ነው። ሊጥ ሳቦካ፣ ነይ፣ እጅሽን አምጪ! ልብስ ሳጥብ፣ ነይ፣ እጅሽን አምጪ! እየተራገምኩ እሄዳለሁ። እሱ እጄን ይዞ ጣውላው ላይ ቀስ እያለ ይዘረጋዋል፤ ቁጥሩ ይጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ ሊጤ እስኪኮመጥጥ።

አንቺን ሳረግዝ እጄ አብጦ አልዘረጋ አለ። የልብስ ሰፊው አልጋ በዚያ እጅ ተለክቶ አጠረ። ሰውዬው እግሬ ውጭ እያደረ ነው ብሎ ሊጣላ ሲመጣ፣ አባትሽ ወደ ሆዴ እያሳየ፣ ክስህን እዚህ ውስጥ ላለው አቅርብ፣ ሲወጣ ይመልስልሃል አለው። በማግስቱ ሌላ ሠራለት፣ ልክክ ያለ። በምን እንደለካው አልጠየቅኩም። አንቺ ስትወለጂም ሰጋቱራ በጸጉሩ እንደሞላ መጥቶ ቢያቅፍሽ አስነጠስሽ፤ ሰላምታ ሰጠችኝ ብሎ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመልሽ።

ባለፈው ሳምንት ገዢ ጠርቼ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከመጋዙ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሜትር። የብረት ሜትር! ሲስቡት ይወጣል፣ ሲለቁት ሽው ብሎ ይገባል፤ ዘይት ሲቀባው ኖሯል። ጀርባው ላይ ያ በወታደር ኮቱ ቁልፍ ላይ የነበረው ምልክት አለ። እኔን ከማግባቱ በፊት ከዘመቻው ይዞት የመጣ ነው ማለት ነው።

አንተ ሌባ! አልኩት። ሳቄ አላቆም ብሎኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቴ የማለቅስ መስሏት እያለቀሰች ገባች፤ አንዴ ከጀመረች ብዬ አልከለከልኳትም። ገዢውንም የሚሸጥ ዕቃ የለም ብዬ መለስኩት።

አሁን የልጅሽን አልጋ እየሠራሁ ነው። አንድ ሁለት ሚስማር ተጣመመብኝ እንጂ አይፈርስም፤ አባትሽ ጎን ስቆም የኖርኩት ዝም ብዬ አይደለም። የለካሁትም በስንዝሬ ነው። ሜትሩን በጨርቁ ጠቅልዬ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ልትወልጂ ስትቃረቢ አልጋውን ይዤ እመጣለሁ፣ አርሼሽም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እኔ ዘንድ ኑሪ ያልሽኝን አታንሺብኝ።

የጨውን ነገር በተመለከተ፣ ልጄ፣ ሲደውል ስልኩን አንሺለት። አፍንጫው ሥር ቢሆንም አንሺለት።

በሰላም ተገላገይ። ጠሪ አያሳጣሽ።

እናትሽ