ጫማዬን ወደ በሩ አዞረችው

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ
ጠዋት ዘነበ፤ ከሰዓት አባራ። ጓሮ ያለው ካኪ የሚባለው ዛፍ ብርቱካንማ ፍሬው ደርሷል። መሰላል ላይ ወጥቼ ስለቅም ባለቤቴ ፉሚኤ ከታች ሆና፣ "አንተ! ጫፍ ያሉትን ተዋቸው። ወፎቹ ምን ይብሉ?" አለች። በየዓመቱ የምትለው ነው። ተውኩላቸው።
"አንተ" አለችኝ... ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ይዟታል ካለን ወዲህ ይህንንም እጽፋለሁ።

ኅዳር 19
ከገበያ ስመለስ በር ላይ ተቀበለችኝ። ተንበርክካ፣ እጆቿን መሬት አስነክታ እጅ ነሳችኝ። "በዚህ ዝናብ ተቸግረው መጡ። ይግቡ፣ ይግቡ።"
የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።
ሻይ ቀዳችልኝ፤ በእንግዳ ስኒ። አበባ የተሳለበትን ጎን ወደ እኔ አዞረችው። በኋላ ወደ በሩ ሄጄ ሳይ፣ ጫማዬንም አዙራዋለች። አፍንጫው ወደ ውጭ... እንግዳ ሲወጣ እንዳይቸገር።
የት ልሄድ?

ኅዳር 20
ዛሬም "እርስዎ"።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ
ልጃችን ቺሳቶ ከኦሳካ መጣች።
"አባዬ፣ ከስተሃል እኮ። እማዬን የሚንከባከቡበት ቦታ እንፈልግላት።"
"እኔ አለሁ አይደል?"
"ባለፈው በካልሲ ወጥታ ባቡር ሐዲድ ላይ አገኘኋት ያልከኝ አንተ አይደለህም?"
ስኒዋን ሞላሁላት።
ፉሚኤ ፍሬ ልጣ፣ ቆራርጣ አቀረበች። ቺሳቶን ሹክ አለቻት፤ ሰማኋት። "ልጄ፣ ለእኚህ ሰውዬ ጨምሪላቸው። የሚያበላቸው ያላቸው አይመስለኝም።"
ልጇን ታውቃለች። እኔን ግን...

ጥር 11
መንከባከቢያው ቤት አስገባናት። ክፍሏ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ባሕሩ ያያል። "ብዙ አስቸገርኳችሁ" እያለች ሁሉንም እጅ ነሳች። እኔንም።

ጥር 12
ሩዝ ለሁለት ሰው ቀቀልኩ።

የካቲት 3፣ እሑድ
ልጠይቃት ሄድኩ። ፀሐይ ዓይኔን እንዳይወጋኝ መጋረጃውን ሳበችልኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።
"ባለቤት አለዎት?"
"አለችኝ።"
"ደግ ናት?"
"በጣም... በጣም ደግ ናት።"
"እንግዲያውስ እዚህ አይቆዩ። ሲመሽ ታስባለች። ቶሎ ይግቡላት።"
"እሺ" አልኳት።
እስከ አሳንሰሩ ሸኘችኝ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ አጎንብሳ ነበር።
ቶሎ ገባሁ። ቤቱ ቀዝቅዟል።