አላውቃትም ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ግንቦት 11

"አላውቃትም" አልኩት። ሌላ ነገር ከመጻፌ በፊት ይህ ይጻፍ።

አስቴርን ሳይጠይቃት ትምህርት ቤቷ ጋ የሚያወርዳት የደንበኛ ሹፌራችን መኪና ከቅዳሜ ጀምሮ ጋራዥ ገብቷል። ስለዚህ ጠዋት ከዱራሜ መናኸሪያ ወደ ሶዶ የሚያልፍ የማናውቀው ሚኒባስ ውስጥ ገባን። እኔ ከፊት፣ ምራቴ አስቴር ከመጨረሻው ወንበር። ከቤት አብረን እንወጣለን እንጂ አጠገብ ለአጠገብ አንቀመጥም። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነናል። የጎኔ ሰውዬ፣ መጋዘናችን በርበሬ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፣ ማዳበሪያውን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። አንሣው ብለው "ምን አለበት፣ ነገ አንተው ራስህ ትመዝነዋለህ" አለኝ። መስኮት ክፈቱ ሲባል ብርድ ነው ይላሉ፣ ዝጉ ሲባል ታፈንን ይላሉ። ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል። ረዳቱ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው፣ አፉ ግን የጎረምሳ።

አስቴርን የት ነሽ አላት።

"ፊት ነኝ።"

"ሶዶም ፊት ነው፣ መንግሥተ ሰማያትም ፊት ነው።" ሰው ሳቀ።

ትምህርት ቤቱ ጋ አለችው። በዚህ መንገድ ስንት ትምህርት ቤት አለ አላት። አዲሎ ማለት ምን ይከብዳል? የምታስተምረው አዲሎ ነው። ሰባት ወር ስትመላለስ አንድ ቀን ከአፏ አዲሎ ሲወጣ አልሰማሁም። ኩራት ነው ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

እኔ ከአዲሎ በፊት መጋዘኑ ጋ እወርዳለሁ፣ ሚዛን ላይ ነው የምሠራው። ስወርድ ረዳቱ በሩን እንደያዘ፣ "አባት፣ ያቺ ከኋላ ያለችው አብራህ አይደል የገባችው? የት ነው የማወርዳት? ታውቃታለህ?" አለኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅባት የእሷ ቤተሰብ ሆኜ መታየት አልፈለግኩም። አላውቃትም አልኩና ሄድኩ።

አመሻሽ ላይ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። አዲሎን አሳልፈው ወስደዋታል። ወራጅ ብትልም በዘፈኑ ማን ይስማት። ግማሹን መንገድ በዝናብ በእግሯ ተመለሰች፤ ስለዘገየች ርዕሰ መምህሩ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ይህን ሁሉ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝና እግሯን ልትታጠብ ሄደች። አይዞሽ አላልኩም። ይባስ ብዬ አዲስ አበባ ልጄ ሰለሞን ጋ ደወልኩና ና ሚስትህን ከቤቴ ውሰድ አልኩት። ምን አደረገችህ አባዬ ቢለኝ፣ ትንቀኛለች አልኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ሚካኤል። ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ። ጸሎት አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ የእሷ ጥፋት ዝርዝር ነው። እውነት እንዳለኝ ለማየት እዚህ ልጻፈው።

አዲስ አበባን "ሸገር" ትላለች እንደ ዱርዬ።

ለፋሲካ ቀሚስ ገዛሁላት። ጎረቤት ከየት አመጣሽው ሲላት "ያልተለበሰ ቀሚስ ገዙልኝ" አለች። አዲስ ቀሚስ አይባልም? የሰው አሮጌ መስሏታል።

አዲስ ኪዳንን "ሁለተኛው መጽሐፍ"። ጴንጤ ናት፣ ይሁን፣ ልጄ ወዷታል። ግን ጴንጤዎቹስ አዲስ ኪዳን አይደል የሚሉት?

ቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ሄደን የቤቱ አባወራ ማን ይባላል ሲሏት እኔን አየችኝ። አፍሬ ራሴ ተናገርኩ። የማን ምራት ነሽ ሲሏትም የሰለሞን ሚስት ነኝ ነው መልሷ። እኔ የለሁም።

ጠዋት ያው መኪና፣ ያው ረዳት። "መጣች ፊት ነኝ" አላት። ዛሬ ተጠንቅቃ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አጠገቧ ላለችው ልጅ እግር ሴት ስለ ባቡር ስታወራ ሰማኋት። ሸገር እያለች ጠዋት ጠዋት በባቡር ነበር የምትሄደው። ባቡር ደግ ነው አለች፤ በየጣቢያው ራሱ ይቆማል፤ ማንም የት ነሽ ብሎ አይጠይቅሽም፤ ዝም ብለሽ ትወርጃለሽ።

ጉራ መሰለኝ። ባቡሩን እኔም አውቀዋለሁ። ሚስቴ በታመመች ጊዜ ሐኪም ቤት ለመመላለስ ሦስት ሳምንት ተሳፍሬበታለሁ። ደግ ነገር አላየሁበትም። ሰው እንደ ጆንያ ይቆማል፣ ክርን ጎንህን ይወጋል፣ የእግዜር ሰላምታ የሚሰጥ የለም። አንድ ቀን ሚስቴ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አንዱ ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። ስንወርድ ዞር ብዬ ባየው ስልኩን ይነካካል። ያን ልጅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ሚስቴ ግን "ደክሞት ይሆናል" ነው ያለችው።

አዲሎ ላይ ዛሬ ወረደች ወይስ አልወረደችም ብዬ መጋዘን ሆኜ አሰብኩ። ማሰቤ አናደደኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሰለሞን ደወለ። ቅዳሜ ይመጣል። አዲሎ ክፍል ተከራይቶላት እሑድ ያስገባታል። እሱ ሥራው አዲስ አበባ ነው፣ እሷ እስክትዛወር ለብቻዋ ትኖራለች። ጥሩ፣ አልኩ። ያሰብኩት ሆነልኝ።

ምሳዬን ግን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በመኪናው ጠብ ነበር። አንዱ ዶሮ ይዞ ገብቶ ዶሮዋ የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ላይ ቆሻሻ ጣለች። ሴትዮዋ በሰውዬው ላይ ሳይሆን በዶሮዋ ላይ እርግማን አወረደች። ሌላ ጊዜ እስቅ ነበር።

ጴጥሮስ እንኳ የካደው ፈርቶ ነው፤ ሊይዙት ይችላሉ። እኔን ማን ሊይዘኝ ነው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

እራት ሳልበላ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ረዳቱ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ። የምትወርጂበትን ቦታ ስም ካልጠራሽ መኪናዬ አይንቀሳቀስም አላት። ሹፌሩም ሞተሩን አጠፋ። እየቀለዱ ነው የጀመሩት፣ ሰው ሲስቅላቸው ጊዜ ባሰባቸው። "ከተማዋ ስም የላትም?" "ክርስትና አልተነሣችም!" ከኋላ አንዱ ውረጂልን፣ አታስረፍጂን አለ። አስቴር አንገቷን ደፋች። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። እኔ ማዳበሪያው ጉልበቴ ላይ ሆኖ ፊት ፊቱን እያየሁ ነበር። ነገሬ አይደለም እያልኩ ነበር።

ከመሐል አንዲት ቅቤ ነጋዴ አሮጊት በከምባትኛ አናገረቻት። ቋንቋውን እሰማለሁ፣ መናገር ነው የማልችለው። ባሊሻ ነው ወይ አለቻት። አስቴር በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የአማትሽ ስም ነው? ነቀነቀች። ማን ነው አማትሽ? ይህን አልመለሰችም፤ ዓይኗ ብቻ ወደ እኔ መጣ።

አሮጊቷ ዞረችብኝ፣ በአማርኛ። "አንተ ሰውዬ፣ ስምህ ማን ነው?"

የበርበሬው ነጋዴ ነው የመለሰልኝ፤ "አዲሱ ነው፣ አዲሱ ሚዛኑ ነው የምንለው" አለ።

"ታዲያ ልጅቱ ከተማውን እንዴት ትጥራው? አዲ ብላ ስትጀምር ያንተ ስም አፏ አይገባም?"

ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ "አላውቃትም አላልከኝም እንዴ?" አለ።

ከኋላ አንድ ድምፅ "ሚዛኑ ተዛባ" አለ። የሳቀ የለም። ሞተሩ ተነሣ። መጋዘኑ ጋ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ባሊሻን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። በዚህ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ ሁለት ፊደላት የሚጀምር ሌላ ቃል እንኳ ቢመጣ በሌላ ቃል ትለውጠዋለች። ገበያ ላይ አሮጊቶች ሲያደርጉት እያየሁ ነው ያደግኩት። ከእነሱ ጋር ያለቀ መስሎኝ ነበር። በአማርኛም ይደረጋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእኔ ይደረጋል ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ ሲቆጡ መጤ የሚሉኝ ሰው ነኝ። ስሜ እዚህ ምድር ላይ የሚጠበቅ ስም ነው ብሎ የነገረኝ የለም።

የማክሰኞውን ዝርዝር መልሼ አነበብኩት። ሸገር። ያልተለበሰ ቀሚስ። ሁለተኛው መጽሐፍ። ቀበሌ። አንድ በአንድ። በገዛ እጄ የጻፍኩት የክሴ ወረቀት የእሷ የአክብሮት ዝርዝር ነው። ልቀደው ብዬ ተውኩት፤ ይቀመጥ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ገና ስንገባ፣ ረዳቱ አፉን ሳይከፍት፣ "ምራቴ ናት። አዲሎ ታወርዳታለህ" አልኩት። "ዛሬ አወቅሃት?" አለኝ። የሚገባኝ ነው፤ ዋጥኩት። መጋዘኑ ጋ አልወረድኩም፣ እስከ አዲሎ አብሬያት ሄድኩ። ምስጋና ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወርዳ እኔን ሳታይ ወደ ትምህርት ቤቷ አቀናች። ወደ ሥራዬ በእግሬ ተመለስኩ። ፀሐይዋ ከረር ያለች ነበረች።

በምሳ ሰዓት ሰለሞን ጋ ደወልኩ። ተሳስቻለሁ፣ ተወው፣ ትቆይ አልኩት። ባሊሻውን ነገርኩት። ለእሱም ነግራው እንደማታውቅ ነገረኝ። ሸገር ስትል አራዳነት ይመስለው ነበር።

"ግን አባዬ፣ ረቡዕ እኮ ነግሬያታለሁ። ከቤቴ ትውጣ ብሏል አልኳት። እሺ አለችኝ።"

ረቡዕ ነው የሰማችው። ሐሙስ ያ ሁሉ ሰው ሲያላግጥባት፣ ከቤቴ እንደማስወጣት እያወቀች ነው እንግዲህ አፏን የገጠመችው። አዲሎ ብትልብኝ ማን ይወቅሳት ነበር?

ሚዛኑ ላይ ሁለቴ ተሳሳትኩ። አለቃዬ አሞሃል ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ሰለሞን ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሻንጣዋ ሳሎን ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ቀሚሱን፣ የፋሲካውን፣ አጥፋ ከላይ አድርጋዋለች። ወደ ውስጥ ልትከተው ይሁን ትታልኝ ልትሄድ፣ አልገባኝም።

ሁለቱን አስቀምጬ ተናገርኩ። ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ ስልኩ። ስለ ሰኞው ክህደት ግን ልጄ ፊት መናገር አቃተኝና ዘለልኩት። በምትኩ ትልቅ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ፣ "ከዛሬ ጀምሮ አዲሎ በይ። እኔ ፈቅጃለሁ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

"ፈቃዱ የእርስዎ አይደለም" አለች። "እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ወግ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "እኔ ስምዎን ጠበቅኩ። እርስዎ አላውቃትም አሉ። ሰኞ ዕለት በሩ ክፍት ነበር፤ ሰምቻለሁ።"

ልጄ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ሰምታ ነው ለካ በዚያ ጭቃ የተመለሰችው። ሰምታ ነው እኔ ቤት እግሯን የታጠበችው።

ይቅርታ አልኳት። ድምፄ ቀጭን ነበር። እሰማለሁ አለች እንጂ እሺ አላለችም። ሰለሞን ምን ይሻላል ቢላት፣ ነገ መናኸሪያ ልሸኝህ፣ ሻንጣውን እይዛለሁ፣ ወደ አዲሎም ልሂድ ወደዚህም ልመለስ እዚያ ስደርስ አውቃለሁ አለችው። አዲሎን "የሥራዬ ከተማ" ነው ያለችው።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ከቅዳሴ ስመለስ ሊወጡ ነው። ሻንጣውን ልያዝ አልኩ። ተዉት አለች፤ ክፉ አልነበረችም፣ ደግም አልነበረችም። ልጄ ጉልበቴን ስሞ "አባዬ፣ እኔ አላስገድዳትም" አለኝ። ደግ አደረግህ አልኩት።

አራት ሰዓት ተኩል። የአዲስ አበባው መኪና እስኪሞላ ይቆያል። ምናልባት እስካሁን አልተነሣ ይሆናል።

ስድስት። መነሣት ነበረበት። ከመናኸሪያ እስከ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።

ሰባት። በር ድረስ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ጎረቤት እንግዳ አለብህ ወይ አለኝ። መኪና ስትሳፈር ዛሬ የት ነሽ ይሏታል፣ ምን ትመልሳለች፣ አሳልፈው ይወስዷት ይሆን? ልከተላት አሰብኩና ያ ደግሞ ሌላ ድፍረት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ስምንት። ጸለይኩ። ሰባት ወር ስጸልይ ልጄን፣ ሟች ሚስቴን፣ የሞቱ ወላጆቼን በስም እየጠራሁ "ቤተሰቦቼንም" ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ አስቴር አልኩ። ወለተ ማን እንደምትባል አላውቅ፣ የክርስትና ስም የላት፤ አስቴር ብቻ አልኩ። እግዚአብሔር ያውቃታል።

ዘጠኝ ተኩል። የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። በሩ አልተቆለፈም ነበር፣ ግን እስክከፍትላት ጠበቀች። ሻንጣው በራሷ እጅ ነው። ፊቷ አቧራ ለብሷል፤ አልቅሳም ይሁን አላወቅኩም። ባጃጅ ጠፍቶ ነው አለች። ግቢ አልኩ። አንድ ርምጃ ገባችና ቆመች።

"እስከ ሰኔ ነው" አለች። "ትምህርት እስኪዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።"

እሺ አልኩ። ወደ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ይቅር አላለችኝም። ግን ገብታለች።