የኡስማን ዶሮዎች

ሰኞ፣ ኦገስት 1

ኡስማን ከሥራ ገባ፤ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ቀጥታ ወደ ጓሮ። ከእኔ ከሚስቱ በፊት ስምንቱ ዶሮዎች ሰላም ይባላሉ። የሸጠለት ሰውዬ፣ "የሥጋ ዘር ናቸው፣ በስምንት ሳምንት እረዷቸው" ብሎት ነበር። ዛሬ ሞላቸው። እሱ ግን ሳቀ። "የሁለት ወር ዶሮ ይታረዳል እንዴ?" እናቱ እማ አይሻም፣ "ገና ልጆች ናቸው" አሉ። እናትና ልጅ ከተስማሙ እኔ ማን ነኝ…

ማክሰኞ፣ ኦገስት 9

ኡስማን ሎንግ ቢች፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

እሑድ፣ ኦገስት 28

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቀነሰ። ከለቀስተኞቹ አንዷ ሙጂባ ኩሽና ውስጥ ስለ እኔ፣ "አንድ እንባ አልወጣትም እኮ" ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው። ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ዶሮዎቹ ከብደው እግራቸው አልሸከም ብሏቸዋል። ተቀምጠው ይበላሉ። እማ አይሻ፣ "የልጄ የአርባ ቀን ሰደቃ በእጁ ባሳደጋቸው ነው የሚወጣው" አሉ። አርባው ሴፕቴምበር 17 ነው። እስከዚያ በሕይወት ይቆያሉ?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 7

ሁለቱን ሙቀት ገደላቸው። ሳይታረድ የሞተ አይበላ… ጣልኳቸው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 16

ነገ አርባው። ሊያርድልን ቃል የገባው የኡስማን ጓደኛ ሸረፈዲን ደወለ። "ሳብሪያ፣ ኤርፖርት ተይዣለሁ፣ ሶሪ።" ለወሬ ሲሆን ግን ታክሲው ደጃችን ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ጉግሳ በአጥሩ በኩል፣ "እኔ ክርስቲያኑ ባርድላችሁ አትበሉትም፤ ምን ልርዳሽ?"

"ውሃ ያፍሉልኝ።"

"እሱ ይቻላል።"

እኛ ዘንድ ሴት አታርድም። ቢላ ይዛ ደጅ ትቆምና አላፊ ወንድ ትለምናለች። ቆምኩ። ሃያ ደቂቃ። እዚህ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ ማን አለ? ሁሉም ድራይቭ ያደርጋል። ሙስሊሙ የትኛው መኪና ውስጥ እንዳለ በምን ልወቅ?

ጓሮ ተመለስኩ። አንዷ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ከሞተች አለቀ። ወደ ቂብላ አዞርኳት። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር። አረድኳት። ምንም አልተሰማኝም።

ቀና ስል እማ አይሻ በሩ ላይ ቆመዋል። አሁን ይረግሙኛል አልኩ።

"ክንፏን ርገጪ እንጂ፣ ደም በደም ታደርግሻለች።"

"እንዴት ያውቃሉ፣ እማ?"

"የኡስማን አባት ለንግድ ሲወጣ ማን ያርድ ነበር መሰለሽ? ሲመለስ ጎረቤት አረደልኝ እለዋለሁ፣ ጣቱን እየላሰ ይበላል።"

ሳቅ ሊመጣብኝ ነበር? ወይስ ሌላ ነገር… አላውቅም። ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ሁለተኛዋን አቅፈው አመጡ።

"ነገ ማን አረደ ቢሉ ምራቴና እኔ ነን እላለሁ። ያልፈለገ ሩዙን ይብላ።"

እጃቸውን ዘረጉ። ቢላውን ሰጠኋቸው። ሦስቱን እኔ፣ ሦስቱን እሳቸው።