የእሙሽ ቢጫ ዓይን

ነገሌ ቦረና፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ውድ ሃምሳ አለቃ ወልደሥላሴ፣

ይህን ደብዳቤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ወለተሐና እንዲያነቡልዎ አይስጧቸው። ልጅዎም አታንብብልዎ። ወንበርዎን ወደ መስኮቱ ያስጠጉና በራስዎ ዓይን ያንብቡት። ምክንያቱን መጨረሻው ላይ እነግርዎታለሁ፤ ብቻ ዘለው እንዳያዩ።

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ የተማረ ሰው ሆኛለሁ። ይህ የሚያዩት ጽሕፈት የእኔ የቢረሳው ነው፤ በማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁት። ሃያ ሁለት ሆነን ጀምረን አሥሩን እንቅልፍ፣ ስምንቱን ሚስቶቻቸው አስቀሯቸው። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። አሁን ነገሌ ውስጥ ከእኔ የሚያመልጥ የሱቅ ሰሌዳ የለም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ጮክ ብዬ ስለማነብ ባለሱቆቹ ከሩቅ ሲያዩኝ በር ይዘጋሉ።

እስከ ዛሬ የደረሱዎትን ሦስት ደብዳቤዎች የጻፈው ፖስታ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ ነው። «እንደምን ነዎት፣ መኪናዎ እሙሽም ደህና ናት» ከማለት ያላለፉት ለዚህ ነው። ሰውዬው ጆሮው ስለሚከብደው ሰው ሁሉ ጮኾ ነው የሚያስጽፈው፤ ተራ ጠባቂው በሙሉ ይሰማል። እኔ የምነግርዎ ነገር ደግሞ ተራ ጠባቂ የሚሰማው አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት ይህን ለመጻፍ ነው። አስተማሪዬ «ለምን መማር ፈለግህ?» ሲሉኝ «ለአገር እድገት» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ያን ጠዋት መቼም አይረሱትም። ዋደራ ወዳጃችን ጣዲቻ ቤት አድረን ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። እርስዎ መሪውን ይዘዋል፣ እኔ ረዳትዎ ከጎንዎ ተቀምጫለሁ። ጫካው ውስጥ ስንገባ ጉሙ ወረደብን። የእሙሽ መብራት ነጭ፣ ጉሙም ነጭ፤ ፊታችን ላይ ወተት የተደፋ መሰለ። አንገትዎን አስግገው፣

«ቢረሳው፣ መንገዱ ይታይሃል?» አሉኝ።

«እንዴ ሃምሳ አለቃ! ቅጠሉን አንድ በአንድ ልቁጠርልዎ? ዝም ብለው ይንዱት!» አልኩ።

አሁን እውነቱን ልጻፈው። ምንም አልታየኝም ነበር። የእሙሽን አፍንጫ እንኳ አላየሁም። ጉራዬ ነው የተናገረው፤ እኔ ፈርቼ ነበር።

እርስዎ ግን አመኑኝና ነዱ። መታጠፊያው ላይ እሙሽ ቀጥ ብላ ሄዳ ቦዩ ውስጥ ገባች፤ የዝግባ ግንድ ተደግፋ ቆመች። ማናችንም አልተጎዳንም። እርስዎ ከወረዱ በኋላ ጎማውን ሳያዩ መዳፍዎን ዓይንዎ ፊት አድርገው ሲያገላብጡት አየሁ። «ቢረሳው ቅጠል ይቆጥራል፣ እኔ መንገድ አላይም። በቃ፣ ዓይኔ ሄዷል» አሉ።

ያኔ አንድ ቃል መተንፈስ ነበረብኝ። አልተነፈስኩም። ሳምንት ሳይሞላ ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ደብረ ብርሃን ልጅዎ ዘንድ ገቡ። እኔም «ሹፌር ቢረሳው» ተባልኩ። ስሙ ጣፈጠኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣፈጠኝ።

ደግሞ ዓይንዎ ደህና እንደሆነ እያወቅሁ! ያን ዕለት ጉሙ ሲገፈፍ ከሸለቆው ማዶ «ያች ቀንደ ቆልማማ ላም የጣዲቻ አይደለችም?» ያሉኝ ማን ነበር? እኔ እኮ ላም መሆኗን ለመለየት ስንት ጊዜ ዓይኔን አሸሁ። የጣዲቻ ነበረች።

በሰኔ የወይዘሮ ወለተሐና ደብዳቤ ደረሰኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ራሴ ያነበብኩት ደብዳቤ እሱ ነው፤ ምነው ማንበብ ባልቻልኩ አሰኘኝ። «ሃምሳ አለቃህ ከቤት አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እጁን ይዤ ነው የማደርሰው። ትናንት ግድግዳ ላይ ትንኝ ሲገድል አይቼ ‹ይኸው ታያለህ!› ብለው ‹እጄ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም› አለኝ» ይላል።

ወዲያው ልጽፍልዎ ብድግ አልኩ። ቀጥሎ ግን ማን ያምነኛል አልኩ። ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ልቤን ሊያስደስት ነው» ብለው ቢተዉትስ? ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር።

የጦሩን መካኒክ ጉግሳን ያውቁታል፤ ድሬዳዋ የሠራው። ነገሩን በወሬ አስመስዬ ጠየቅሁት። «ጉም ውስጥ ነጭ መብራት ካበራህ ተመልሶ የሚመታው የራስህን ዓይን ነው» አለኝ። «ከጅቡቲ የሚመጡት የፈረንሳይ መኪኖች መብራታቸው ቢጫ ነው፤ ዓይን አይወጋም። የመብራቱንም አንገት ወደ መሬት ዝቅ አድርገው።»

ቢጫ መስታወት ግን ነገሌም፣ ክብረ መንግሥትም፣ ሻኪሶም የለም። እኔ ደግሞ የለም የሚባል ነገር አልወድም። እርድ በቅቤ ለውሼ ቀባሁት። መብራቱ ሲሞቅ ቅቤው ቀለጠ፤ እሙሽ የበዓል ወጥ ሸተተች፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እስከ ጦር ሰፈሩ በር አጀበን። ዘበኛው ሰላምታ ሰጠኝ።

በማግስቱ ገበያ ላይ ሙጫ የምትሸጠው ጉያቱ ስታየኝ ሳቋ መጣ።

«አካም ቢረሳው! ናጋ? መኪናህ ዛሬ ምን ወጥ ሠራች?»

ነገርኳት። «ቅቤ ለፀጉር ነው። መስታወት የሚይዝ ሙጫ ነው። ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩህም?» ብላ ከጆንያዋ ውስጥ እንደ እንባ የጠራውን መርጣ ሰጠችኝ።

እርዱን ሦስት ቀን አረቄ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። (አረቄው ትንሽ ጎደለ፤ ሙቀት ነው።) በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት፣ ሙጫውን አሟሟሁበት። የግራውን መብራት ክፈፍ ፈትቼ መስታወቱን አጠብኩ፤ በዶሮ ላባ ከውስጥ በኩል ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ጥላ ላይ ሲደርቅ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። የቀኙን አልነካሁትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ፈልጌያለሁ። አንገታቸውን ግን እኩል ዝቅ አደረግሁ።

ከዚያ ጉያቱን ሙጫዋን ጭና ክብረ መንግሥት ይዣት ሄድኩ። ዋደራ አድረን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫካ፣ በዚያው መታጠፊያ። ጉሙም አላሳፈረኝም፤ ያው ወተት ነው። እሙሽን አቆምኩና ጉያቱን «ቢጫውን በጆንያሽ ሸፍኝልኝ» አልኳት። ሸፈነች። ነጩ ብቻውን በራ። ነጭ ግድግዳ፤ ሌላ ምንም። ያን ጠዋት እርስዎ ያዩት ያንኑ ነው። እኔም ያየሁት ያንኑ ነው።

«አሁን ጆንያውን ወደ ነጩ አዙሪው።»

አዞረችው።

ሃምሳ አለቃ፣ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ለዚህ የሚሆን ቃል አስተማሪዬ ገና አላስተማሩኝም። ጉሙ አልጠፋም፤ ዓይናችንን መምታቱን ተወ እንጂ። ከሥር ከሥሩ መሬቱ ብቅ አለ። መጀመሪያ የመንገዱ ዳር ታየ፤ ቀጥሎ ጠጠሩ፣ ጤዛ ያዘለው ሣር፣ ሣሩ ላይ የተዘረጋው የሸረሪት ድር፤ ሁሉም ማር የተቀባ መስሎ። ቦዩ ይኸው፣ ከቦዩ ባሻገር እሙሽ የላጠችው ዝግባ፣ ጠባሳው ሳይቀር። ከዝግባው ሥር አንድ ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ታየኝ። መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ እንባዬ አላስቆጥር አለኝ።

ጉያቱ አፏን በእጇ ይዛለች። «ዋቃዮ! ፀሐይዋን ከየት አመጣሃት?» አለች። ቀጥላ አየችኝና «አንተ፣ ምን ያስለቅስሃል?»

«የአንድ ሰው ዓይን ሰርቄ ነበር።»

«እንግዲያ መልስለታ!» አለችኝ፤ ጀሪካን የተዋስኩ አስመስላ።

ይኸው እየመለስኩ ነው።

እሙሽ አሁንም በአንድ ቢጫ፣ በአንድ ነጭ ነው የምትሄደው። ከተማው ይስቃል፤ ይሳቅ። የእርድ ቀለም ፀሐይ ሲበላው ይገረጣል፤ የግራውን በየወሩ እደግመዋለሁ። የቀኙን የማልቀባው ለእርስዎ ትቼው ነው። ላባውም፣ ሙጫውም ተዘጋጅቷል፤ አረቄውን ግን ቶሎ ካልመጡ ዋስ አልሆንም።

አሁን ምክንያቱን ልንገርዎ። የመጀመሪያውን ገጽ ባቄላ በሚያህል ፊደል ነው የጀመርኩት። ወደ ሁለተኛው ስሻገር ምስር አሳከልኩት። ይህን የመጨረሻውን ጤፍ አድርጌዋለሁ፤ አስተማሪዬ በመነጽራቸው ሞክረው «ይህን የሚያነብ ሰው የለም» አሉኝ። «አንድ አለ» አልኳቸው።

እዚህ ድረስ ካነበቡ፣ እጅዎን የሚይዝዎ ሰው አያስፈልግዎትም። ወይዘሮ ወለተሐናን ይጥሩና ይህን መስመር እርስዎ ያንብቡላቸው። ቁልፉ እንደሰጡኝ በመሐረቡ ተጠቅልሏል። የሹፌሩን ወንበር አራግፌዋለሁ፤ እኔ ከጎን እቀመጣለሁ። መንገዱ ይታይሃል ወይ ካሉኝም የታየኝን ብቻ እናገራለሁ።

ያን ጠዋት ምንም ያልታየው፣
ቢረሳው