ጉንፋን ነው ያልንዎት

ይድረስ ለውድ እማማ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም መሐል ላይ ያቆምዎታል? ዓይንዎስ፣ አዲሱ ጠብታ ተስማማዎ? ጥርስዎን ከተነቀሉ ወዲህ ምግብ እንዴት ሆነልዎ? እኔ ምራትዎ በአካሌ ደህና ነኝ። የልጅ ልጅዎም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን ሆናለች።

ስለ ልጅዎ ምንም እንዳላልኩ ልብ ብለው ይሆናል። እህቴ፣ ደብዳቤውን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ እማማን በደንብ አስቀምጫቸው። ጎረቤት ካለ እስኪወጣ ጠብቂ። ለራስሽም ወንበር ሳቢ።

እማማ፣ ዋሽተንዎታል። አምስት ወር ሙሉ፣ እሁድ እሁድ ሲደውሉ «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል» ስንልዎ የኖርነው ውሸት ነው። ማር በሎሚ አጠጪው ሲሉኝ እሺ እል ነበር። እሺ ብዬ ስልኩን ስዘጋ ፊቴን ላጥበው በያዝኩት አንሶላ ውስጥ ቀብሬ አለቅሳለሁ። ልጅዎን የያዘው የጉሮሮ ካንሰር ነው። በሕይወት አለ። ይህን ስጽፍልዎ እኔ ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ሃያ እርምጃ ርቆ ካለው በር ጀርባ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ያስገቡት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ይወጣል ብለውኝ ነበር፤ አሁን ስምንት ከሩብ ሆኗል። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ፤ የሚወጣው ግን ባልዲ የያዘች የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ወይ ጫማው ላይ ፕላስቲክ ያጠለቀ ሰውዬ። እስክርቢቶውን ያዋሰኝ ዘበኛው ነው። ከመንቆራጠጥ ጻፊ አለኝ።

በስልክ ልነግርዎ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ድምፅዎን ስሰማ ወሬውን ወደ ልጄ እመልሰዋለሁ። አሁን ግን ለሕክምናው ገንዘብ ስናሰባስብ የተቀረጸው ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ስለሆነ አንዱ የሰፈር ወጣት መጥቶ «እማማ፣ ልጅዎን አየነው» ብሎ ስልኩን ከፊትዎ እንዳይደቅን ፈራሁ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለምትሳፈር ደብዳቤውን በእጇ ታደርስልዎታለች።

ነገሩ የጀመረው ሰርግ ላይ ነው። እንደሚያውቁት አዘቦት ቀለም ይቀባል፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ይዘፍናል። አንድ ቅዳሜ ዘፈኑ መሐል ላይ ድምፁ ስንጥቅ አለ። ታዳሚው የዘፈኑ ስልት መስሎት አጨበጨበ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በኋላ የቀለም ሽታ ነው አለ። ቀጥሎ ብርድ ነው አለ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አራተኛውን ሽሮፕ አልሸጥልህም፣ ሐኪም ጋ ሂድ ብላ ባታባርረው ዛሬም የቀለም ሽታ ነው ይለን ነበር።

ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችን። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ በሕይወት ይኖራል፣ ነገር ግን አይዘፍንም፣ እንደ ድሮውም አያወራም አለችን። እሱ «ታዲያ ከእኔ ምን ይተርፋል?» አላት። እሷም «ባል ይተርፋል፣ አባት ይተርፋል» አለችው። ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ወጪውም ከአቅማችን በላይ ስለነበር እሱን ሰበብ አደረገው። የኦፕራሲዮኑን የስምምነት ወረቀት ባነሣሁበት ቁጥር «ከየት አምጥተን?» ይለኛል። እኔ ሞኟ ሰበቡን ካስወገድኩለት ልቡ የሚመለስ መሰለኝ።

ሳልነግረው ድሮ አብሮት ይጫወት ወደነበረው ድራመር ሄድኩ። ያውቁታል፣ ጎማ ጥገና ስለሚሠራ «ጎማው» የሚሉት ነው። እሱና ልጅዎ፣ ሦስተኛው ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወተው መምህር፣ ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው ነበር። ጠባቸው አንድ ፖስተር ላይ የማን ስም ይቅደም ነው፤ ሦስት ጎልማሳ በዚህ ይኳረፋል ቢባል ማን ያምናል? ጎማው የጎማ ቀዳዳ ሊፈልግ እጁን ገንዳ ውስጥ ነክሮ አገኘሁት። ቀና ብሎም አላየኝም። ስነግረው እጁ እዚያው ውሃው ውስጥ ቀረ። «ያ ትዕቢተኛ፣ ለእኔ ሳይነግረኝ ሊሞት ነው?» አለና በዚያው እርጥብ እጁ ለመምህሩ ደወለ። በስልክ የሰላምታ ቃል እንኳ አልተለዋወጡም። «እሁድ ተጫውተን ለሕክምናው ገንዘብ እናሰባስባለን፤ ከበሮውን ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ ወንበር ፈልግ» አለው። በቃ፣ አራት ዓመት ኩርፊያ እንደዚህ አለቀ።

አንድ አናጢ የእንጨት መጋዘኑን ለቀቀልን። ወንበሩ ከመምህሩ ትምህርት ቤት መጣ። ሙዚቃውን በኢንተርኔት በቀጥታ ለማሳየት ስልኩን ከፍ ያለ ነገር ላይ ማሰር ስላስፈለገ የልጅዎን የቀለም መሰላል አቁመን ጫፉ ላይ በፕላስተር ጠመጠምነው። እማማ፣ የመጣውን ሰው ቢያዩ! በሰርጋቸው የዘፈነላቸው ሁሉ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው መጡ። የተፋቱት እንኳ መጡ፤ አንደኛው በዚህ ጥግ፣ ሌላኛዋ በዚያ ጥግ። በስልክ የተከታተለውማ ለቁጥር ያታክታል። አንዱ የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ እያየ ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ «አሠሪዎቼ እንዳይሰሙኝ ድምፁን ዘግቼ በከንፈራችሁ እየተከተልኩ ነው» ብላ ጻፈች። በየሰው አገር የተበተነው ሁሉ አንድ ቤት የገባ መሰለ።

ልጅዎን ከፊት አስቀመጥነው። ማይክራፎኑን እሱ ሲዘፍን በሚቆምበት ቦታ አቆሙት፤ ከማይክራፎኑ ኋላ ግን ማንም አልቆመም። ሙዚቃውን ብቻ ተጫወቱ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት የእሱን ግጥም ጀመረች፣ ሌላው ተቀበላት፣ ወዲያው መጋዘኑ በሙሉ ያዘው። በየአገሩ ያሉት ደግሞ ሲዘፍኑ ራሳቸውን እየቀረጹ ላኩ። እሱ እያለቀሰም እየሳቀም በጣቱ ጉልበቱ ላይ ምት ይመታ ነበር። እኔ አለቀልን፣ ዳነልኝ አልኩ። ለሕክምናው የሚያስፈልገው ሞልቶ ተርፏል ሲሉኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ልጅዎ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ማይክራፎኑን ለአንድ ጀማሪ ዘፋኝ ሰጥቶታል። መሰላሉንና ብሩሾቹን ለጎረቤቱ ቀቢ አውርሷል። ምን እየሆንክ ነው ስለው፣ በዚያ በተረፈችው ሹክሹክታው «በቁሜ ተለቀሰልኝ። እንዲህ አምሮ የተለቀሰለት ማን አለ? ይበቃኛል» አለኝ።

እኔ ሰው የሰበሰብኩት እንዲያተርፉልኝ ነበር፤ እሱ ስንብት አድርጎት ቁጭ አለ። አፌን ይዤ መኖር የለመድኩት እኔ የዚያን ቀን ጮህኩ። «እኔ አድናቂህ አይደለሁም፣ ሚስትህ ነኝ! ለእነሱ ዘፈንህ ይቀርላቸዋል፤ ለእኔ ማን ይቀርልኛል? ልጅህ ስትጠይቀኝ ቪዲዮ ላሳያት?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሾርባ በቀር አልወርድ አለው። ሲተነፍስ ጠባብ በር እንደሚገባ ንፋስ ያፏጫል። ልጃችን መስማት ስትፈራ ጆሮዋን በትራስ ትይዛለች።

ቪዲዮው ሥር መልእክቱ አላቆመም ነበር። ልብ የሚልክ፣ አበባ የሚልክ፣ አይዞህ የሚል። ይባረኩ፣ ክፉ አይንካቸው። ግን የተላከ ልብ ሾርባ አያስውጥም። ያን ሁሉ ሺህ ሰው አሰባስቤ እንደ እኔ ብቻዋን የቀረች ሴት ያለች አይመስለኝም። አንድ ቀን በምሳ እረፍቴ በንዴት እዚያው ሥር «አልታከምም ብሏል። ምን ላድርግ?» ብዬ ጻፍኩ። የጸሎት እጅ ተደረደረልኝ። አንድ ሰው ብቻ «ስልክ ቁጥራችሁን ላኪልኝ» አለኝ።

ሰውየው በቪዲዮ ደወለ። በፊት አውቶቡስ ላይ ረዳት የነበረ፣ ሃያ ዓመት በር ላይ ተንጠልጥሎ የተጣራ ሰው ነው። ማንቁርቱን አውጥተውለታል። ሰፈሩ «ፉጨት» ይለዋል። አንገቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣቱ ደፍኖ ሲናገር ድምፁ በቆርቆሮ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ልጅዎ ሊዘጋበት እጁን ሰደደ። ፉጨት ግን «ቆይ፣ እንኳን አንተ፣ ሂሳብ ያልከፈለ ተሳፋሪም አምልጦኝ አያውቅም» አለው። ቀጥሎም «ዘፈንህ ቆንጆ ነው፣ ሰርጌ ላይ ብትዘፍን ደስ ባለኝ። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ የነቃሁ ቀን ለምን አልሞትኩም ብያለሁ። ለአንድ ዓመት ሰው ፊት አፌን አልከፈትኩም። አሁን ሚስቴ ስትቆጣኝ ጣቴን ከአንገቴ አነሣና ዝም እላለሁ፤ ትዳራችን እንደዚህ ሰላም ሆኖ አያውቅም!» አለው።

ልጅዎ ሳቀ፣ እማማ። ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ፉጨት ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቀው። በሦስተኛው ቀን በራሱ ጊዜ ወረቀቱን አምጪው አለኝ፣ ፈረመ።

ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ስልኩን ይዞ መኝታ ቤት ገባና ዘጋብኝ። ለእርስዎ መልእክት ሲቀርጽ ነበር። በሻከረ ድምፅ ነው፣ ሁለት ጊዜ ደምስሶ እንደገና ጀምሮታል። ምን እንዳለዎ አልሰማሁም፣ አደራ ስላለኝም አልከፈትኩትም። እህቴ፣ በስልክሽ ልኬልሻለሁ፤ ደብዳቤውን አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ አሰሚያቸው። ዛሬ አልችልም ካሉሽ ሌላ ቀን ይሁን፤ አታጣድፊያቸው።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በሩ ተከፈተ፣ ስሜን

ከትናንት ወዲያ እዚህ ላይ አቋርጬው ነበር። እማማ፣ ወጥቷል፤ በሕይወት አለ። ብዙ ደም ፈሶት ስለነበር ነው የቆዩት። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ቱቦው ብዙ ነው፣ ፊቱ አብጧል፤ ቢያዩት ልጄ አይደለም ይሉ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ሲገልጥ አፉ ተከፈተ፣ ቃል ሊያወጣ ታገለ፣ ምንም አልመጣለትም። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በእድሜዬ ሰው ፊት አንዲት ስንኝ ዘፍኜ የማላውቀው እኔ፣ ሳላስበው የእሱን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመርኩ። እያለቀስኩ፣ ግጥሙን እያዘበራረቅኩ። ቅንድቡን ቋጠረ። አመመው ብዬ ደነገጥኩ። በእጁ እስክርቢቶ ጠየቀኝና የሆስፒታሉ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ሊነበብ በማይችል ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ወርዷል። ከፍ አድርገሽ ጀምሪው።»

ከፍ አድርጌ ጀመርኩት። አጠገባችን ያሉት በሽተኞች ይታዘቡኝ።

አልዋሽዎትም፣ ከእንግዲህ አንዋሽዎትም፤ ገና አልጨረስንም። በሽታው ወደ ሌላ ቦታ አልፎ እንደሆነ የሚታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሟን ዓይን ለዓይን ላያት ስሞክር ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ትመልሳለች። ፈርቻለሁ፣ እማማ። እሁድ ግን እንደ ልማድዎ ይደውሉ። በቪዲዮ ያድርጉት። እርስዎ ያውሩለት፤ ጆሮው ደህና ነው። መልሱን ጽፎ ያሳይዎታል፣ እህቴ ታነብልዎታለች። ዝም ሲል ተቆጣኝ ብለው እንዳያዝኑ። ከዋሸንዎትም ይቅር ይበሉን፤ እኔን ይቆጡ፣ እሱን ግን ለዛሬ ይተዉት።

እህቴ፣ የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ትልቁ ወንድማችን በዚያ በወፍራም ድምፁ ጎረቤት እያስደነገጠ ማልቀሱን ትቶ እማማን ያጽናናልኝ። ለሚስቱ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችው ሹራብ ለልጄ ልክ ሆኗል። መንትዮቹን በያሉበት ሳሚልኝ፤ ለአጎታቸው ሥዕል ይላኩለት። ፎቅ ላይ ላሉት አሮጊት ጎረቤታችሁ ደህና ነው በይልኝ፣ ዝርዝሩን አትንገሪያቸው፣ አገር ያዳርሱታል። አንቺ አንባቢዋ እህቴ፣ ይህን ሁሉ በአንቺ አፍ ስላስነገርኩሽ ይቅር በይኝ። እማማ፣ የልጅ ልጅዎ እዚህ አጠገቤ ሆና «አያቴን ሳሚልኝ» ትላለች።

ምራትዎ

ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአልጋው ግርጌ
ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን